መጀመሪያ መንገዱን እዩት

በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን የቡታጅራ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያዎች ልብ ብላችሁ አንብባችኋል? ሁሉም በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስላሉ። «200 ካሬ፣ ሦስት ክፍል፣ ሰርቪስ ያለው፣ መኪና የሚያስገባ፣ ከአስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ በጣም ጸጥ ያለ ሰፈር።» ከዚያ ስድስት ሰባት ፎቶ ይከተላል። ሳሎኑ፣ ሴራሚኩ፣ ኮርኒሱ፣ አዲስ የተቀባው የግቢ በር። ከፎቶዎቹ አንዱም በሩ የሚከፈትበትን መንገድ አያሳይም። ደላላው በሩ ጋ ሲደርስ ስልኩን ወደ ውስጥ ያዞረዋል።

እኔ ስልኩን ወደ ውጭ አዙሩት ባይ ነኝ። ቡታጅራ ላይ፣ ወይም ቡታጅራን በመሰለ በማደግ ላይ ባለ ከተማ ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከሳሎኑ በፊት መንገዱን እዩ። መንገዱ ስለ ቤቱ የማይነግራችሁ ነገር የለም። ወረቀቱ ትክክል ይሁን አይሁን፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ፣ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ እዚያው መኖር መቻላችሁን ሳይቀር ይናገራል።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ቡታጅራ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ መንደር ተከራይቼ ነው የምኖረው። እንደ ብዙ እኩዮቼ ዕቁብ እጥላለሁ፤ ዕቁቡ አንድ ቀን ቤት ይሆናል ብዬም አስባለሁ። የሚሸጥ ቤት ሲገኝ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ አያለሁ። ካየኋቸው ቤቶች ይልቅ የገረመኝ ግን የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። «ስንት ካሬ ነው? ስንት አለ? ይቀንሳል?» እነዚህን ሦስቱን ጠይቀን ወደ ቀብድ እንሮጣለን።

ጥድፊያው ምክንያት አለው። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠዋት ከዓለም ገና የተነሳ ሰው በመልካ ቁንጥሬ፣ በጢያና በቡኢ አድርጎ ለምሳ ይደርሳል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 መጨረሻ ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ ከተማዋ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። የዞን መሥሪያ ቤት ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ ሲመጣ ኪራይ ይወደዳል። አዲስ አበባ ላይ ቤት ተስፋ የቆረጠውም «እዚያው አገሬ ልሥራ» እያለ ፊቱን ወደዚህ አዙሯል።

በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ሒሳቡን እንሥራው። ውጭ ያለ ዘመዳችን ያጠራቀመው 10 ሺህ ዶላር በፊት 570 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ1 ሚሊዮን ብር አለፈ። እዚህ ባጃጅ ሲነዳ የሚውል ልጅ ያጠራቀመው 570 ሺህ ብር ግን ያው 570 ሺህ ብር ነው። ሲሚንቶና ብረት ደግሞ እሱን ቆመው አይጠብቁም።

ውጭ ያለውን ወገናችንን መውቀሴ አይደለም። ጥሮ ግሮ ባገኘው ገንዘብ አገሩ ላይ ቤት ቢገዛ መብቱ ነው፤ ብዙዎቻችንም በሱ ብር ተምረናል። የምለው ሌላ ነው። በብር የሚያገኝ ወጣት መሀል ከተማ ላይ በዶላርና በሪያል ከሚያገኝ ሰው ጋር ተጫርቶ አያሸንፍም። ስለዚህ ወደ ዳር ይሄዳል። ዳር ላይ ዋጋው ይቀንሳል፣ አየሩ ይነፍሳል፣ ዘቢዳር ሙሉውን ይታያል፣ ሰፈሩም ጸጥ ያለ ነው። የወረቀቱ ጉዳይ የሚላላውም እዚያው ነው።

ሕጉን ባጭሩ እናንሳው፤ ሳያውቁት መግዛት አደጋ ነውና። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ትርፍ ቤትንም ወረሰ። በ1987 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የገነባው የራሱ ነው፣ ሊሸጠውም ይችላል ይላል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ባስቀመጠው ሥርዓት ደግሞ የከተማ ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ሲሆን፣ ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር እዚሁ አዋጅ ውስጥ አለ። ከድሮ የቆየ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ሻጩ «እኔ ኪራይ እንጂ ሊዝ ከፍዬ አላውቅም» ቢላችሁ እውነቱን ይሆናል። እናንተን ግን ይመለከታችኋል።

የገበሬ መሬትስ? ገበሬው በመሬቱ የመጠቀምና ያለ አግባብ ያለመፈናቀል መብት አለው፤ መሬቱን መሸጥ ግን አይችልም። እኛ «የመንደር ውል» የምንለው፣ ሦስት ምስክር ተቀምጦ የሚፈረመው ወረቀት፣ ይህን አይለውጠውም። እንዲያውም በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ውሉ ፈራሽ ነው ይባልና «ሻጭ ብሩን ይመልስ፣ ገዢ ቦታውን ይልቀቅ» ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ሻጩ ግን ብሩን ልጁን ድሮበታል፣ ወይም መኪና ገዝቶበት ተገልብጧል። ቢመልሰው እንኳን የዛሬ ሦስት ዓመት ብር ዛሬ ምን ይገዛል?

የማውቀው አንድ የባጃጅ ሹፌር ከሁለት ወንድሞቹ ጋር የዕቁብ ብራቸውን አዋጥተው ከከተማው ዳር ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ገዙ። ውሉ ሲያዩት ያምራል፤ ሦስት ምስክር፣ ፊርማ፣ የጣት አሻራ። ሰፈሩ ደግሞ ከጸጥታው የተነሳ የወፍ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ክረምት አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጣ፤ ከዚያ ቀያሾች መጥተው ካስማ ተከሉ። አንዱ ካስማ የተተከለው ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ነበር። ለካ ፕላኑ ላይ በዚያ በኩል የሚያልፍ መንገድ ኖሯል። ካሣ ሲጠይቁ ካሣ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው ተባሉ። ዛሬ ሦስቱም እንደ እኔ ተከራይ ናቸው፤ ዕቁቡን ግን አሁንም እየከፈሉ ነው፣ ቀድመው በልተውት ነበርና።

ስለነሱ ሳስብ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ሰፈሩ ጸጥ ያለው መንገድ ስለሌለው ነበር። ወደ ቤቱ የሚያስገባው በሁለት የእርሻ ማሳ መካከል ያለ የእግር መሄጃ ነው። ባጃጁን እንኳን የሚያቆመው ራቅ አድርጎ ነበር። መንገዱን «ለጊዜው ነው፣ ይሠራል» ብለውት አለፉ። መንገዱ ተሠራ፤ በቤታቸው ላይ።

ስለዚህ ቤት ልታዩ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ መንገዱን ማን እንዳወጣው ጠይቁ። ከተማው የቀየሰው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለ ነው፤ ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፤ አጥሮቹም በአንድ መስመር ይቆማሉ። ሻጮችና ደላሎች ያወጡት መንገድ ግን አንዱ ጋ ይሰፋል፣ ሌላው ጋ ይጠብባል፣ መጨረሻው ላይ የሰው አጥር ይገጥማችኋል። ስልካችሁ ላይ የሳተላይት ካርታ ክፈቱ። ጉግል ኧርዝ የቀደሙ ዓመታትን ምስል እየመለሰ ያሳያል፤ ለዚህ ዋጋ የማትከፍሉበት ትልቅ መሣሪያ ነው። ዛሬ ቤት ያለበት ቦታ ከሦስት ዓመት በፊት በቆሎ ወይም በርበሬ ከነበረ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነው። ይህ መሬት መቼ ወደ ከተማው ገባ? ገበሬው ካሣ ተከፍሎታል ወይ? ከዚያ ቦታው ፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተቀመጠ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አጣሩ። በመኖሪያ ፈንታ አረንጓዴ ቦታ ወይም መንገድ ከሆነ፣ ሳሎኑ ምንም ያህል ቢያምር ተሰናብታችሁ ውጡ።

ሁለተኛ፣ ውሃውን እዩ። ቡታጅራ የተቀመጠችው ከዘቢዳር ሥር ነው። ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርድ ከተማዋን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። በጥር የታየ ቤት ግማሹ ብቻ ነው የታየው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተመልሳችሁ ኑ፤ ዝናቡ ካባራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በመንገዱ ላይ በእግራችሁ ሂዱ። ቦይ አለው? ውሃው የት ይቆማል? የጎረቤቶች ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር እስከ የት ደርሷል? እስከ ክረምት መጠበቅ ካልቻላችሁ ያን የጭቃ መስመር ፈልጉ፤ በበጋም አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ ቀና ብላችሁ ምሰሶውን ተመልከቱ። መብራቱ በየቤቱ የራሱ ቆጣሪ አለው ወይስ ከአንድ ቤት ቆጣሪ ለስምንት ቤት ተቀጥሏል? የውሃ መስመሩ እስከ ግቢው ይደርሳል ወይስ ሰፈሩ የሚቀዳው በጀሪካን ነው? ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የራሱ ቆጣሪ የሌለው ቤት የራሱ ካርታ የሌለው ቤት ነው፤ የይዞታ ማስረጃ ሳያዩ አገልግሎቱን ማስገባት ስለሚያስቸግር። አንድ ሙሉ መንደር ከአንድ ቆጣሪ ሲጎትት ካያችሁ፣ ስለ ወረቀቱ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ጎረቤት ጋ ግቡ። «እንዴት ናችሁ፣ ቤት ልንገዛ አስበን ነው» ብላችሁ አንኳኩ፤ በእኛ አገር እንዲህ ብሎ የመጣን ሰው ቡና ሳያጠጣ የሚሸኝ የለም። እዚያ ቡና ላይ የምትሰሙትን ደላላው በዓመትም አይነግራችሁም። ሻጩ ባለትዳር ነው? ባለቤቱ ሽያጩን ታውቃለች? የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ባልና ሚስት ስምምነት ሊሸጥ አይገባም፤ አንዷ ካልፈረመች ነገ ሽያጩ ይፍረስልኝ ብላ ፍርድ ቤት ልትሄድ ትችላለች። ቤቱ የአባት ውርስ ነው? እንግዲያው ወንድምና እህቶቹ የት ናቸው? አንዱ መርካቶ፣ አንዷ ጅዳ፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ መሆናቸው በእኛ አገር የተለመደ ነው። ወራሾች የሚገናኙት ለመስቀል ወይም ለአረፋ ነው። ሻጩ ሁሉም ከመምጣታቸው በፊት፣ ለምሳሌ በሰኔ፣ «ዛሬ ካልጨረስን ሌላ ገዢ አለኝ» እያለ ካጣደፋችሁ ተረጋጉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

አምስተኛ፣ እድር መኖሩን ጠይቁ። እድር ያለበት መንገድ ሰው የሚኖርበት መንገድ ነው። የእድሩ ዳኛ ቤቱን ማን እንደሠራው፣ ከዚያ ለማን እንደተላለፈ፣ የትኛው አጥር በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተገፋ በቃሉ ያውቃል።

እነዚህን አምስቱን ካለፋችሁ በኋላ ነው ወደ ወረቀቱ የምትሄዱት። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ በካርታው ላይ ያለው ካሬና በመሬት ላይ ያለው አጥር መግጠሙን፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን አጣሩ። ቀብድ በቴሌብር ከመላካችሁ በፊትም አስቡ። ቀብድ በሕጉ ቀልድ አይደለም፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ይለቃል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ይህ የሚሠራው ግን ማን ለማን ለምን እንደላከ በጽሑፍ ሲታወቅ ነው። ለደላላ ስልክ የተላከ ብር ለሻጭ የተሰጠ ቀብድ መሆኑን በኋላ ማስረዳት ጣጣ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ውሉ ላይ ዋጋው አንሶ እንዲጻፍ አትፍቀዱ። ነገሩ ተበላሽቶ ብር ይመለስ ሲባል የምትጠይቁት ውሉ ላይ የተጻፈውን ነው።

እስካሁን መንገዱን እንደ ማስረጃ ነው ያየነው። ከዚህ በላይ የሆነ ጥቅምም አለው፤ ይህን ደግሞ አያቶቻችን ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር። ከቡታጅራ ዘቢዳርን ተሻግራችሁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች ብትሄዱ ጀፎረን ታገኛላችሁ። ጀፎረ በመንደሩ መካከል የሚያልፍ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ተሰልፈዋል፤ እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ነው። ሠርግ እዚያ ይደገሳል፣ ለቅሶ እዚያ ይቀመጣሉ፣ መስቀል ሲመጣ ሰው እዚያ ይሰበሰባል፣ ልጆች እዚያ ይጫወታሉ። ከሁሉ የሚገርመው ማንም አጥሩን ወደ ጀፎረው መግፋት አለመቻሉ ነው። የገፋ ሰው ሽማግሌዎች ፊት ይቆማል፤ በባህሉ ሕግ፣ በቅጫ፣ ይዳኛል። ካርታም ቀያሽም ባልነበረበት ዘመን ያ ሁሉ ስፋት ሳይነካ ትውልድ የተሻገረው በዚህ ነው። በጀፎረ አገር መጀመሪያ መንገዱ ይከበራል፣ ቤቱ ከዚያ በኋላ ቦታውን ይይዛል። እኛ አሁን የምንሠራው ተገላቢጦሹን ነው፤ ቤቱን አቁመን ለመንገድ የተረፈውን እንፈልጋለን።

ቡታጅራ ራሷ የመንገድ ልጅ ናት። በ1950ዎቹ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ መንገድ ለማውጣት ማኅበር ተቋቁሞ፣ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ከሱቅና ከጉልበት ሥራ ያገኙትን እያዋጡ ነበር። ዛሬ «ከአስፋልት ገባ ብሎ» እያልን ቤት የምንሸጥበት አስፋልት የዚያ መዋጮ የልጅ ልጅ ነው። ያ ትውልድ ለመንገድ ሲያዋጣ የራሱ በር ላይ ይደርሳል ብሎ ብቻ አልነበረም። ሁሉም ቤት ዋጋ የሚኖረው መንገድ ሲኖር መሆኑ ገብቶት ነው። ዛሬም ጥሩ ሰፈር የምንላቸው መንደሮች ነዋሪው አዋጥቶ ኮብልስቶን ያስነጠፈባቸው፣ ቦይ የቆፈረባቸው፣ ጫፍ ላይ አምፖል የሰቀለባቸው ናቸው። የዚህን ወጪ የትኛውም ማስታወቂያ ላይ አታገኙትም፤ ዋጋው ውስጥ ግን አለ።

ጸጥታ ስንል የምንደባልቀው ነገርም አለ። ሁለት ዓይነት ጸጥ ያለ መንገድ አይቻለሁ። በአንዱ ላይ ከሰዓት በኋላ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዲት እናት ደጃፏ ላይ በርበሬ አስጥታለች፣ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ የማያውቁት ሰው ሲገባ «ማንን ፈልገህ ነው ልጄ?» ይሉታል። መኪና ስለማይበዛበት ጸጥ ያለ ነው። በሌላኛው ላይ ቆንጆ ቆንጆ ቤቶች አሉ፤ ከአሥሩ ስድስት ሰባቱ ግን በሰንሰለት ተቆልፈዋል። ባለቤቶቹ በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ይመጣሉ፤ በቀረው ጊዜ ያለው አንድ ዘበኛ ነው። ይህም ጸጥ ያለ ነው። ማታ ግን ሴት ልጅ በዚያ መንገድ ብቻዋን ማለፍ ትፈራለች። ሰው ቢታመም የሚሸከም የለም፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ጎረቤት ሲኖር ነው። ማስታወቂያው ሁለቱንም መንገዶች «ጸጥ ያለ ሰፈር» ነው የሚላቸው።

ውጭ ለምትኖሩና ይህን ለምታነቡ ወገኖቼ አንድ ልመና አለኝ። ቤቱን ግዙ፤ ግን አትቆልፉት። ለወጣት መምህር፣ ለሆስፒታል ነርስ፣ ለአዲስ ተጋቢ በሚችሉት ዋጋ አከራዩት። መስቀል ሲደርስ የምታርፉበት አንድ ክፍል ለራሳችሁ አስቀሩ። ለመንገዱ መዋጮ ሲጠየቅ አንደኛ ሁኑ፤ እድሩ ውስጥ ስማችሁን አስገቡ። ሰው የሚኖርበት ቤት ዋጋው አይቀንስም፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት ሰው ያገኛል።

ከገዢ የሚጠበቀውን ይህን ያህል ካልኩ፣ ከአስተዳደሩ የሚጠበቀውንም ልበል። ወጣቱ የመንደር ውል የሚፈርመው ሕግ ስለናቀ አይደለም፤ ሕጋዊው በር ለኪሱ ስለሚጠብበት ነው። የሊዝ ጨረታ በካሬ ሲቆጠር አቅም ያለው ያሸንፋል፤ በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ማግኘት ደግሞ ዓመታት ያስጠብቃል። ከሁሉ ቀላሉና ርካሹ መፍትሔ መንገዶቹን አስቀድሞ መሬት ላይ ማሳየት ነው። ፕላኑ ላይ ያለ መንገድ ሁሉ ቤት ሳይሠራበት በፊት በድንጋይ ካስማ ይታጠር። የፕላኑ ቅጂ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይለጠፍ፣ በቴሌግራም ገጹም ይውጣ። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ፕላን የሚጠቅመው መሳቢያውን ለሚከፍት ሰው ብቻ ነው። ቦታ ሲዘጋጅም 500 ካሬ ብቻ ሳይሆን የዕቁብ ብር የሚደርስበት አነስ ያለ ቦታ ጭምር ይኑር።

«ፕላኑ ቢለጠፍ ደላላ ይሻማበታል» የሚል ሰው አለ። ይህን ክርክር ሰምቼዋለሁ፤ ስጋቱም ይገባኛል። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ ዛሬ መንገድ በየት እንደሚያልፍ ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? ደላላው ያውቃል። አቅም ያለውም ወዳጅ አለው፣ ይሰማል። የማያውቀው ባጃጅ የሚነዳው ልጅና መሬቱን በርካሽ የሚለቀው ገበሬ ነው። ፕላኑ ሲለጠፍ የሚጎዳው ዕውቀቱን ብቻውን ይዞ ሲሸጥ የነበረው ነው። «በጀት የለም» ለሚለው ደግሞ ካስማ ለመትከል የሚያስፈልገው ቀያሽ፣ ድንጋይና የሰፈር ሰው ጉልበት ነው። ከዓለም ገና ሶዶ ድረስ ለመንገድ ያዋጣ ሕዝብ በየመንደሩ ሃያ ድንጋይ ተሸክሞ ለመትከል አይለግምም።

እስከዚያው ግን ጥንቃቄው የእኛ ነው። የሚቀጥለው ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ለደላላው አንድ ነገር ብቻ ጻፉለት፤ «ወንድም፣ ከበሩ ውጭ ቆመህ መንገዱን ግራና ቀኝ ቪዲዮ አድርገህ ላክልኝ።» ከላከ ለማየት ሂዱ፣ ሁለት ሦስት ጎረቤት አነጋግሩ፣ ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤት። «መንገዱን ምን ያደርግልሃል?» ካለ ደግሞ ቀብዱን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።